የመንግሥት ይዞታና ነፃ ገበያ በስልት ጨዋታዎች ሚዛን

ጨዋታ ሥራ ፈት ሰው ጊዜውን የሚያሳልፍበት ነገር ብቻ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ነገር ግን ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ ሲጫወቱት የኖረው፣ ገበጣም በዛፍ ጥላ ሥር የእረኛና የሽማግሌ መዋያ የሆነው ደስታ ስለሚሰጥ ብቻ አይደለም። ሰንጠረዥ የጦር አሰላለፍን፣ ገበጣ ደግሞ ቈጠራንና አስቀድሞ ማሰብን ለተጫዋቹ ሳይታወቀው ያስተምሩታል። ጨዋታ ሁሉ ሕግ አለው፤ ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ስለ ዓለም አንድ አሳብ በውስጡ ይዟል። ተጫዋቹ ያን አሳብ የሚቀበለው እየተከራከረ ሳይሆን እየታዘዘ ስለ ሆነ፣ ከመጽሐፍ ቃል ይልቅ በልቡ ጠልቆ ይቀራል።

በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር የሚጫወቷቸው የስልት ጨዋታዎች ይህንኑ ትምህርት ከጦር ሜዳ አሳልፈው ወደ መንግሥት አስተዳደር አድርሰውታል። ተጫዋቹ የአንድ አገር መሪ ሆኖ ቀረጥ ይጥላል፣ ፋብሪካ ያቆማል፣ መንገድ ይሠራል፤ ሲፈልግ ንግዱን ለነጋዴ ይለቃል፣ ሲፈልግ ደግሞ ሀብቱን ሁሉ በመንግሥት እጅ ያደርጋል። አንድ ተማሪ ስለ ኤኮኖሚ በትምህርት ቤት የሚያነበው ጥቂት ምዕራፎች ሲሆን፣ በእንደነዚህ ያሉ ጨዋታዎች ግን ብዙ ሌሊቶችን ያሳልፋል። ስለዚህ የመንግሥት ይዞታ ይሻላል ወይስ ነፃ ገበያ በሚባለው ታላቅ ክርክር ላይ ጨዋታዎቹ የሚሰጡትን ፍርድ መመርመር ከሂስ ሥራ የሚቈጠር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ ጨዋታዎቹ ለየትኛውም ወገን ቢፈርዱ፣ ፍርዳቸው ያረፈው ባልተነገሩ ሁለት ነገሮች ላይ መሆኑ ነው፤ አንደኛ ተጫዋቹ በማን ወንበር እንደ ተቀመጠ፣ ሁለተኛም የሚቀርብለት መዝገብ ምን ያህል እውነተኛ እንደ ሆነ። (የውጭ አገር ታሪክ ሲነሣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ጨዋታን የኤኮኖሚ መከራከሪያ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ኤሊዛቤት ማጊ የተባሉ አሜሪካዊት «የባለርስቱ ጨዋታ» ብለው ለሠሩት የሰሌዳ ጨዋታ የፈጠራ መብት ያገኙት በ1904 ነበር። አሳባቸው የመሬት ኪራይ ጥቂቶችን እንዴት እንደሚያበለጽግና ብዙዎችን እንዴት እንደሚያደኸይ በዓይን ለማሳየት፣ የሄንሪ ጆርጅንም የመሬት ግብር ትምህርት ለሕዝብ ለማስረዳት ነበር። ከዚያ ጨዋታ ተወልዶ በ1935 በፓርከር ብራዘርስ ኩባንያ የወጣው «ሞኖፖሊ» ግን ወቀሳውን ትቶ ጨዋታውን ብቻ ወሰደ። በማጊ ዘንድ ማስጠንቀቂያ የነበረው ነገር በ«ሞኖፖሊ» የማሸነፊያ መንገድ ሆነ፤ ሌላውን ሁሉ አክስሮ ብቻውን የቀረ ሰው አሸናፊ ይባላል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ጨዋታ በሕጉና በአሸናፊው አመራረጥ ብቻ ፍርዱን ሊገለብጥ የሚችል መሆኑን ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ ዘመን ስንመጣ በመጀመሪያ የምናገኘው «ሲቪላይዜሽን»ን ነው። ይህ ጨዋታ በሲድ ማየርና በብሩስ ሼሊ ተዘጋጅቶ በ1991 ከወጣ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ መጥቷል። በ2005 የወጣው አራተኛው ክፍል ተጫዋቹ ለአገሩ የኤኮኖሚ ሥርዓት እንዲመርጥ ያደርገዋል። «ነፃ ገበያ»ን ቢመርጥ እያንዳንዱ ከተማ አንድ ተጨማሪ የንግድ መሥመር ያገኛል። «የመንግሥት ይዞታ»ን ቢመርጥ ደግሞ ከተሞቹ ከዋናው ከተማ በመራቃቸው ምክንያት የሚያስወጡት ወጪ ጨርሶ ይሰረዝለታል። እንግዲህ ሰፊ ግዛት ያለው ተጫዋች የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ይህ ሕግ ሀብትን ሁሉ ከአንድ ማዕከል ማስተዳደር የርቀትን ችግር ያጠፋል ማለቱ ነው። ታሪክ የሚነግረን ግን ተቃራኒውን ነው። በ1921 የተቋቋመው የሶቪየት ኅብረት የፕላን መሥሪያ ቤት፣ ጎስፕላን፣ ትልቁ ጭንቀቱ በሩቅ ክፍለ ሀገር ያለ ፋብሪካ ምን እንዳለውና ምን እንደ ጎደለው በሞስኮ ተቀምጦ ማወቁ ነበር። ኒኪታ ክሩሽቾፍ በ1957 ብዙዎቹን የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሮች አፍርሰው ሥራውን ለክፍላተ ሀገር የኤኮኖሚ ምክር ቤቶች ያከፋፈሉት ይህንኑ ርቀት ለማሸነፍ ነው። ያም አልሆነላቸውም፤ እርሳቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1965 ምክር ቤቶቹ ተሽረው ሥልጣኑ ወደ ሞስኮ ተመለሰ። ርቀት በአዋጅ የሚሰረዝ ወጪ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ መውጣትና መውረድ ባላስፈለገ ነበር።

በነፃ ገበያውም በኩል ጉድለቱ ከዚህ አያንስም። በዚህ ጨዋታ ነፃ ገበያን በመረጠ አገር እንኳ እያንዳንዱ ከተማ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ያው ተጫዋች ነው። ባለሱቅ የለም፣ ከሳሪ የለም፣ በራሱ ገንዘብ በራሱ አሳብ የሚሠራ ሰው የለም። ነፃ ገበያ የሚለው ስም የተሰጠው ለአንድ የንግድ መሥመር ጭማሪ ነው። በስም ሁለት ሥርዓቶች ቢኖሩም በተግባር ያለው አንድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ ጠልቆ የሄደው በስቶክሆልም የሚገኘው የፓራዶክስ ኩባንያ ያዘጋጀው «ቪክቶሪያ» የተባለው ጨዋታ ነው። ከ1836 እስከ 1936 ያለውን የመቶ ዓመት ዘመን ይዞ፣ ሕዝቡን በሥራው፣ በባህሉና በሃይማኖቱ ከፋፍሎ፣ ምን እንደሚያመርትና ምን እንደሚሸምት ያሰላል። በ2010 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ሥልጣን የያዘው ፓርቲ ፍጹም የነፃ ንግድ ደጋፊ ከሆነ ተጫዋቹ ፋብሪካ ሊያቆም አይችልም፤ የሚያቆሙት ባለሀብቶቹ ናቸው። የፕላን ኤኮኖሚ ደጋፊ ከሆነ ደግሞ ሁሉም የመንግሥት ሥራ ይሆናል። ይህ በእውነቱ ደፋር አሳብ ነበር፤ ገዥው ሁሉን እንዳይችል አድርጎታልና። ነገር ግን ብዙ ተጫዋቾች አልወደዱትም። ባለሀብቶቹ ጥሬ ዕቃ በሌለበት ፋብሪካ ያቆማሉ፣ የማይሸጥ ነገር ያመርታሉ እያሉ አጉረመረሙ፤ ሥራው በእጃቸው እንዲሆን ሲሉም የመንግሥትን እጅ የሚያረዝም ፓርቲ ወደ ሥልጣን ማምጣትን መረጡ።

በኦክቶበር 2022 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ለዚህ ጉርምርምታ የተሰጠ መልስ ይመስላል። በመጀመሪያ መልኩ ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን በአንድ ካዝና ሲያጠራቅሙ፣ የት ምን ይሠራ የሚለውን የሚያዝዘው ግን በሥርዓቶቹ ሁሉ ተጫዋቹ ሆነ። ይህ ደግሞ ነፃ ገበያን ከስሙ በቀር ምንም ስላላስቀረለት በማርች 2023 በወጣው ማሻሻያ ባለሀብቶቹ በራሳቸው አሳብ እንዲገነቡ ተፈቀደላቸው። በጁን 2024 ደግሞ ንብረቱ የማን እንደ ሆነ የሚለይበት፣ የመንግሥቱ ወደ ግል የሚዛወርበትና የግሉ በመንግሥት የሚወረስበት ሥርዓት ተጨመረ። አሳቡ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ይህን ያህል መመላለሱ ሠሪዎቹ ግድ የለሾች ስለ ሆኑ አይደለም። ተጫዋች የመጣው ሊሠራ ነው፤ ነፃ ገበያ ደግሞ ከገዥው የሚጠይቀው እጁን እንዲሰበስብ ነው። እጁን ሰብስቦ መመልከት ጨዋታ አይሆንለትም። ስለዚህ ጨዋታው በአሳቡ ለነፃ ገበያ ቢያዳላ እንኳ በአሠራሩ ለዐቃጁ ያዳላል። የመጀመሪያው ያልተነገረ ነገር፣ የወንበሩ ጉዳይ፣ ይህ ነው።

ሁለተኛው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በ«ቪክቶሪያ 3» እያንዳንዱ ሸቀጥ ሠሪዎቹ የቈረጡለት መነሻ ዋጋ አለው። ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፣ አቅራቢው ሲበዛ ይወርዳል፤ ሆኖም ከመነሻው በመቶ ሰባ አምስት ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ሊወጣም ሆነ ሊወርድ አይችልም። በእውነተኛ ገበያ ግን መነሻ ዋጋ የሚቈርጥ ማንም የለም፤ ዋጋው ራሱ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ የሚወለድ ወሬ ነው። ጤፍ ተወደደ ሲባል አንድ ቦታ ዝናብ መጥፋቱን ወይም መንገድ መበላሸቱን የምንሰማው በዋጋው በኩል ነው። ጨዋታው ይህን ወሬ ከሚያመጣው ሰው ለይቶ በሒሳብ ቀመር ሠርቶታል።

በዚህ ነጥብ ላይ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ሲከራከሩ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ሉድቪግ ፎን ሚዘስ በ1920 ገበያ ከሌለ እውነተኛ ዋጋ የለም፣ ዋጋ ከሌለም ፕላን አውጪው ትርፍና ኪሳራን ማስላት አይችልም ሲሉ ጻፉ። ፖላንዳዊው ኦስካር ላንገ በ1936ና በ1937 መልስ ሰጡ፤ የፕላኑ ቦርድ ዋጋ ቈርጦ ዕቃው ሲጐድል ከፍ፣ ሲተርፍ ዝቅ እያደረገ ልክ እንደ ገበያ ሊሠራ ይችላል አሉ። ፍሪድሪክ ሃየክ ደግሞ በ1945 ችግሩ የሒሳብ ችግር አለመሆኑን አስረዱ። የሚያስፈልገው ዕውቀት በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ ያለ፣ ከፊሉም በወረቀት ሊጻፍ የማይችል ስለ ሆነ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሊሰበሰብ አይችልም ማለታቸው ነበር። ላንገ ግን ከሞቱ በኋላ በ1967 በታተመ ጽሑፋቸው፣ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ሒሳቡ በቅጽበት የሚፈታ በመሆኑ አሮጌው ተቃውሞ ኃይሉን እንዳጣ ተናገሩ።

እንግዲህ የስልት ጨዋታዎች የላንገ ምኞት የተፈጸመባቸው አገሮች ናቸው። በጎተራ ያለው እህል፣ በፋብሪካ ያለው ሠራተኛ፣ በየቤቱ ያለው ችግር ሁሉ ቈጥሮ በማይሳሳትና ለመዋሸት ምክንያት በሌለው ጸሐፊ ተመዝግቦ በተጫዋቹ ፊት ይቀርባል። በእንደዚህ ያለ አገር የፕላን ኤኮኖሚ ቢሳካ ምን ያስደንቃል? የፕላን ኤኮኖሚን ያደከመው አንዱ ዋና በሽታ አስቀድሞ ተወግዶለታልና።

የዚህን በሽታ ክብደት ታሪክ በሰው ሕይወት መዝኖታል። በቻይና በ1958 «ታላቁ ወደ ፊት ዝላይ» በታወጀ ጊዜ የየወረዳው ሹማምንት አለቆቻቸውን ለማስደሰትና ከቅጣት ለመዳን የእህሉን ምርት እያበዙ ሪፖርት አደረጉ። መንግሥትም የመዘገበው ብዙ ስለ ሆነ የወሰደው ብዙ ሆነ፤ ለገበሬው የቀረለት ግን ከእውነተኛው ምርት የተረፈው ነበር። እስከ 1961 ድረስ በዘለቀው ረኃብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በሶቪየት ኡዝቤኪስታንም ሻራፍ ራሺዶፍ በፓርቲው መሪነት በነበሩበት ዘመን ያልተለቀመ ጥጥ እንደ ተለቀመ እየተመዘገበ ገንዘብ ይከፈልበት እንደ ነበር በ1980ዎቹ በተደረገው ምርመራ ታውቋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስንል ግን ነፃ ገበያ ከነውር ንጹሕ ነው ማለታችን አይደለም። በአየርላንድ ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ፣ የለንደን መንግሥት የእህልን ንግድ ለነጋዴው መተው ይሻላል በሚል እምነት እጁን በሰበሰበበት ወራት እህል ከደሴቲቱ በመርከብ ይወጣ ነበር፤ ድኻው መግዣ ስላልነበረው የገበያው ወሬ ስለ እርሱ ምንም አልተናገረም። በዚያ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። በ2001 መጨረሻ የወደቀው ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ዕዳውን ደብቆ ትርፍ በማሳየት ባለአክሲዮኖቹን ያታለለ የግል ድርጅት ነበር። ስለዚህ ሐሰተኛ መዝገብ የአንድ ሥርዓት ብቻ ንብረት አይደለም። ጥያቄው ሐሰቱ በማን እንደሚገለጥና ዕዳውን ማን እንደሚከፍለው ነው። ሀንጋሪያዊው ያኖስ ኮርናይ በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ኪሳራውን ሁልጊዜ መንግሥት የሚሸፍንለት ድርጅት ወጪውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ያየኋቸው ጨዋታዎች ይህን ጥያቄ ብዙም አይነኩትም።

በዚህ መካከል የገዥውን ጠባይ ለመንካት የሞከረ አንድ ጨዋታ አለ። በ2001 የወጣው «ትሮፒኮ» ተጫዋቹን የአንዲት የካሪቢያን ደሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ ያስቀምጠዋል። እርሻውንና ፋብሪካውን የሚያቆመው፣ ደመወዙንም የሚቈርጠው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ለራሱ በስዊስ ባንክ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት መንገድም አለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውን ተረታችንን ሠሪዎቹ የሰሙት ይመስላል። ቀልድ ቢበዛበትም፣ የመንግሥት ሀብትና የገዥው ሀብት አንድ አለመሆኑን ማስታወሱ ከብዙዎቹ ታላላቅ ጨዋታዎች የተሻለ ያደርገዋል።

ከሁሉም ይልቅ ለቁሳዊው ነገር የተጠነቀቀው ግን «ሠራተኞችና ሀብት፤ የሶቪየት ሪፐብሊክ» የሚባለው ነው። የስሎቫኪያው ስሪዲቪዥን በ2019 ለሙከራ፣ በ2024 ደግሞ በሙሉ መልኩ አውጥቶታል። በዚህ ጨዋታ ገንዘብ የሚያስፈልገው በጠረፍ ላይ ለመገበያየት ነው፤ ለምሥራቁ ሩብል፣ ለምዕራቡ ዶላር። በአገር ውስጥ ግን ያለው ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ጡብና ሰው ነው። አንድ ትምህርት ቤት በራሱ አቅም ለማሠራት የሚፈልግ ተጫዋች ጠጠሩን በካሚዮን፣ ሠራተኛውን በአውቶቡስ ማድረስ አለበት። አውቶቡሱ ከዘገየ ሥራው ይቆማል፤ የማሞቂያው ከሰል ካልደረሰ ሕዝቡ በብርድ ይሠቃያል፤ ኑሮው የመረረውም ሰው አገሩን ጥሎ ይሄዳል። ፕላን ማለት በወረቀት ላይ ቁጥር መደርደር ሳይሆን ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ ማድረስ መሆኑን ከዚህ ጨዋታ የበለጠ ያስተማረ አላየሁም። መሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ይህን ቢያየው ይጠቅመዋል። ይሁን እንጂ እዚህም መጋዘኑ ውስጥ አለ የተባለው ሲሚንቶ ዘወትር አለ። ጉድለቱን ለመሸፈን ቁጥር የሚያበዛ የመጋዘን ኃላፊ የለበትም።

ወንበሩን ጨርሶ የለወጠው በ2011 በፖላንድ የወጣው «ኮሌይካ»፣ ማለት «ሰልፍ» የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ካሮል ማዳይ የሠሩት ሲሆን፣ ያሳተመው የፖላንድ ብሔራዊ የመታሰቢያ ተቋም ነው። እዚህ ተጫዋቹ ሚኒስትር አይደለም፤ የሚሸምተውን ዝርዝር ይዞ ቤተሰቡን በየሱቁ ደጃፍ የሚያሰልፍ ተራ ሰው ነው። ዕቃው በየትኛው ሱቅ እንደሚራገፍ አያውቅም፤ ሲራገፍም ለሁሉ አይበቃም። ሕፃን ያቀፈች እናት ቀድማው ትገባለች፣ ዘመድ ያለው በዘመዱ ያልፋል፣ ተስፋ የቈረጠውም ወደ ድብቅ ገበያ ይሄዳል። በሌሎቹ ጨዋታዎች «የሸቀጥ እጥረት» ተብሎ በአንድ ቀይ ምልክት የሚታየው ነገር እዚህ የአንድ ሰው ሙሉ ቀን ነው።

ይህ ጨዋታ ለእኛ አንባቢዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም። በአገራችን በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ የገጠር መሬትና ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሆነው ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም ከገበሬው በተቈረጠ ዋጋ እህል በኮታ ይሰበስብ ነበር፤ ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ነው። በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፉ ወላጆቻችን ያዩትን ኤኮኖሚ ፕላኑን ያዘጋጀው ሰው ከወንበሩ ሆኖ አላየውም። ደግሞም ከኮታው መቅረት በኋላ የእህል ዋጋ ሲወጣ የገበሬው ደስታና የከተማው ድኻ ጭንቀት በአንድ ቁጥር ሊጻፉ አይችሉም። ስለ አንድ ነገር ሁለት ወንበሮች ሁለት እውነት ይናገራሉ።

አንዳንድ ሰዎች ጨዋታ ጨዋታ ነው፣ ሁሉ ግልጽ ካልሆነ ማን ይጫወተዋል ይሉ ይሆናል። መልሱን ራሳቸው የስልት ጨዋታዎች ሰጥተውናል። በእነዚሁ ጨዋታዎች የጠላት ጦር ያለበት ቦታ «የጦር ጭጋግ» በሚባል ጨለማ ይሸፈናል፤ ተጫዋቹም ያልሰለለውን አያይም። ጥንተ ነገሩን ብንመለከት በ1824 የፕሩሲያው መኰንን ፎን ራይስቪትዝ ያቀረበው የጦር ጨዋታ፣ ከሁለቱ ተጫዋቾች ሌላ አንድ ዳኛ ነበረው። ዳኛውም ለእያንዳንዱ አዛዥ የሚገልጥለት በእውነተኛ ጦርነት ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነበር። እንግዲህ ዕውቀት ጐደሎ መሆኑን በጨዋታ ማሳየት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ታውቋል። የጠላት ምሽግ ከሸፈኑ የገዛ አገራቸውን ጎተራ መሸፈን ለምን ያቅታቸዋል? ገዥው የጠላቱን ነገር አያውቅም፣ የሕዝቡን ነገር ግን ሁሉ ያውቃል ማለት እጅግ የሚያጓጓ ሐሰት ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች እነዚህን ጨዋታዎች ይተዉ አልልም፤ መምህራንም ቢሆኑ ከመከልከል ይልቅ ቢጠይቁባቸው ይበልጣል። አንድ ወጣት በ«ሲቪላይዜሽን» ያየሁት የመንግሥት ይዞታ አተረፈኝ ወይም በ«ቪክቶሪያ» ነፃ ገበያው አበለጸገኝ ሲል፣ ሦስት ነገር ይጠየቅ። ይህን ያየኸው በማን ወንበር ተቀምጠህ ነው? ቁጥሩን የነገረህ ማን ነው፣ ቢዋሽስ ምን ያገኝ ነበር? ስሕተት ቢሆን ኖሮ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነበር? እነዚህን መመለስ የቻለ ተማሪ ከጨዋታው ተምሯል፤ ያልቻለው ግን ማሸነፍን ብቻ ተምሯል።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ግን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በየወሩ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ሚኒስቴር በሚወጣው ሪፖርት ላይ እጃችን አለበት። ከበላያችን ያለው ኃላፊ ልክ እንደ ተጫዋቹ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ የሚወስነውም በቁጥሩ ነው። የኮምፒዩተሩ ጸሐፊ የማይዋሸው ጨዋ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚፈራው አለቃ፣ የሚመኘው ሹመት ስለሌለው ነው። እኛ ግን ሁለቱም አሉን። አገር በመንግሥት ይዞታ ብትመራም፣ በነፃ ገበያ ብትመራም፣ የዘንድሮውን አዝመራ የሚጽፈው ያው የወረዳ ሠራተኛ ነው። ያልተሰበሰበውን ተሰብስቧል ብሎ ከጻፈ፣ በየትኛውም ሥርዓት ቢሆን በጎተራው አጠገብ ያለው ሰው ይራባል።